ዕውቀት በዋንጫ አይጠጣም

አንድ ሊቅ ከቆመበት መወድስ ሲቀኝ፣ ድጓውንም ሳይሳሳት በቃሉ ሲመራ የሰሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ድካሙን አይጠይቁም፤ «አብሾ ጠጥቶ ነው እንጂ እንዲህ ያለ አእምሮ ከየት ይገኛል?» ይላሉ። ይህ ንግግር ምስጋና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስርቆት ነው፤ የብዙ ዓመት ድካም ከባለቤቱ ነጥቆ ለአንድ ዋንጫ መጠጥ ይሰጣልና።

ጉዳቱም በሊቁ ብቻ አይቀርም። ሊቅ ለመሆን የሚመኝ ልጅ ይህን ሲሰማ ጉባኤውን ትቶ መድኃኒተኛውን ይፈልጋል። አብሾ ከሚቀመምባቸው ዕፅዋት አንዱ አስተናግር ነው ይባላል፤ አስተናግርም አእምሮን የሚያዛባ፣ ሲበዛም የሚገድል መርዝ ያለበት ዕፅ መሆኑ የታወቀ ነው። አእምሮን አበራለሁ ብሎ አእምሮን ከሚያጠፋ ነገር መጀመር ምን ዓይነት ጥበብ ነው? አገሩስ ቁጡውንና ጠበኛውን ሰው «አብሾ አለበት» ማለቱ ያለ ምክንያት ይሆንን?

የቅኔ ቤትን መንገድ ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ቢሆን ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይዞ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያፈርስበታል፤ በማግሥቱ እንደ ገና ይቆጥራል። ይህንም ሲያደርግ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ይለምናል። ከነዚህ ደረጃዎች አንዲቱን እንኳ የሚያዘልል መጠጥ ካለ ጠጪው ወጥቶ ያሳይ!

«ተፈጥሮም ያግዛል» የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ አይካድም። አንዱ ቶሎ ይይዛል፤ ሌላው ይዘገያል። ነገር ግን የመሬቱ መልማት እርሻውን አያስቀርም፤ ለም መሬት ሳይታረስ ቢቀር ከጭንጫው ይልቅ አረም ያበዛል።

ምኞት ምን ያህል ዋጋ እንደሚጠይቅ ማወቅ የሚሻ የግዕዙን መዝገበ ቃላት ይግለጥ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ሳይፈጽሙትም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ብለው ዐለፉ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን በሥራው ጨርሰው፣ ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የአማርኛውንም መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አንድ ምኞት የሦስት ሊቃውንት ድካም ጠየቀ። ለዚህ የሚበቃ አብሾ በየትኛው ማድጋ ይጠመቃል?

እንግዲህ ሊቁን ያደነቀ ሰው በልጁ ፊት «ምን ጠጥቶ ይሆን?» አይበል፤ «ስንት ሌሊት ነቅቶ ይሆን?» ይበል። ያን ጊዜ ልጁ የሚጠጣውን ዋንጫ ሳይሆን የሚያነጋበትን ጉባኤ ይፈልጋል።