ስለ ምድር ባቡር ካናቴራዎች

ለማኅበራችን ገንዘብ ማግኛ እንዲሆን፥ የቀድሞ የአሜሪካ ምድር ባቡር ኩባንያዎች አርማ ያለባቸው ካናቴራዎች ታትመው ይሸጡ የሚል ሐሳብ መቅረቡን ሰምተናል። በምንማርበት በዚህ አገር እንዲህ ያለውን ልብስ ወድዶ የሚገዛ ብዙ ሰው ስላለ፥ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። እኔም አልቃወምም። ዳሩ ግን ከመታተሙ በፊት አንድ ነገር እንድናስብበት እጠይቃለሁ።

አርማዎቹ ውብ መሆናቸውን ማን ይክዳል? የፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር ቀይ የቅስት ድንጋይ፥ የግሬት ኖርዘርን ነጭ የተራራ ፍየል፥ የሳንታ ፌ በክብ ውስጥ ያለ መስቀል፥ ሁሉም ከሩቅ ይለያሉ። ኩባንያዎቹ ግን ዛሬ የሉም። ፔንሲልቫኒያ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ከተቀናቃኙ ከኒውዮርክ ሴንትራል ጋር ተዋሕዶ፥ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላው በ1970 ከሠረ። ሳንታ ፌም በ1995 ከበርሊንግተን ኖርዘርን ጋር ተቀላቀለ። ሰዉ የሚወደው ይህንኑ ይመስለኛል፤ የሞተ ኩባንያ ታሪፍ አይጨምርም፥ ባቡሩም አይዘገይም። (አርማው ግን ባለቤት አለው። በ1996 ሳዘርን ፓሲፊክን የጠቀለለው ዩኒየን ፓሲፊክ አርማውንም አብሮ ወስዷልና፥ ገንዘብ ያዣችን ፈቃድ መጠየቁን አይርሳ።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የድመቷ ነገር ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ምድር ባቡር በ1933 ብርድ ልብስ ለብሳ የተኛች ግልገል ድመት በማስታወቂያው አወጣ። ስምዋን ቼሲ አሉዋት። መንገደኛው በባለ አልጋው ፉርጎ ውስጥ እንደ እርስዋ ተመችቶት ያድራል ለማለት ነው። መንገደኛውስ ተኛ፤ ያልተኛው ማን ነበር?

በዚያ ዘመን ባለ አልጋ ፉርጎዎችን የሚያሠማራው የፑልማን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት ነጻ የወጡትን ጥቁሮች በአስተናጋጅነት ቀጠረ። አስተናጋጁ በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠራል፤ አልጋ ያነጥፋል፥ ጫማ ይወለውላል፥ ደመወዙ ስለማይበቃው ጉርሻ ይጠብቃል። የራሱ ስም እያለው፥ መንገደኛው በኩባንያው መሥራች በጆርጅ ፑልማን ስም «ጆርጅ» ብሎ ይጠራዋል፤ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደ ነበረው ማለት ነው። የደንብ ልብሱንና የጫማ ቀለሙን እንኳ በገዛ ገንዘቡ ይገዛ ነበር። ያን ጊዜ የኩባንያውን ልብስ የለበሰ ሰው ግድ ሆኖበት ከፈለ፤ ዛሬ እኛ ለጌጥ ብለን ልንከፍል ነው።

እነዚህ ሰዎች በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። ፑልማን ከእነርሱ ጋር ውል የፈረመው ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ነው፤ የወሩም የሥራ ሰዓት ያን ጊዜ ወደ 240 ወረደ።

አንዳንድ ጓደኞች «ካናቴራ ነው እንጂ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» ይላሉ። ታዲያ ታሪክ ካልተፈለገ፥ ስለ ምን ከአዲሱ አርማ ይልቅ አሮጌው ተመረጠ?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ድመቷ በደረቱ ላይ ትታተም፤ በጀርባው ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ «የባለ አልጋ ፉርጎ አስተናጋጆች ወንድማማችነት፥ 1925» ተብሎ ይጻፍ። በሁለት ወገን ማሳተም ዋጋውን እንደሚያስወድደው አውቃለሁ፤ ጭማሪው ከትርፉ ይቀነስ። የሚቃወም ቢኖር ስብሰባው ከመድረሱ በፊት በሚመጣው እትም ይጻፍ።