ጡረታ የወጣ ሰው ደጅ አይጥና

በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማለዳ የሚያልፍ ሰው፣ ክላሴሩን በብብቱ ይዞ ከራፖር ጸሐፊው ዘንድ ተራውን የሚጠብቅ ሽማግሌ ቢያይ፣ ከጎረቤቱ ጋር የተካሰሰ ሊመስለው ይችላል፡፡ ነገር ግን ሽማግሌው ማንንም አልከሰሰም፤ ማንም አልከሰሰውም፡፡ ስሙ በአንዱ ወረቀት «ኃይለ ሥላሴ»፣ በሌላው «ሀይለስላሴ» ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን አስመስክር የተባለ ጡረተኛ ይሆናል፡፡ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው በአንድ ፊደል ምክንያት አበሉ ሲዘገይበት፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ጡረታ ችሮታ አይደለም፡፡ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ከወጣ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የጸና መብት ነው፡፡ ለግል ድርጅት ሠራተኞችም አዋጅ ቁጥር 715/2003 ይህንኑ መብት ሰጥቷል፡፡ ከዚያ በፊት በብዙ ድርጅቶች የነበረው ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ጥሪት ነበር፤ ጡረታ ግን በየወሩ የሚከፈል አበል ነው፡፡ ዛሬ የሚሠራባቸው አዋጆች ቁጥር 1267/2014 እና 1268/2014 ናቸው፡፡

ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በየወሩ 7 በመቶ፣ ማለት 700 ብር ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ፣ ማለት 1,100 ብር ይጨምርበታል፡፡ ይህ 1,800 ብር በየወሩ በስሙ ሲገባ ማን መሆኑ ከታወቀ፣ ገንዘቡ ሊከፈለው ሲል ማንነቱ የሚጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሕዝብ ገንዘብ ያለ ማስረጃ አይከፈልም የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፡፡ መልሱም እውነት ነው፤ ላልሠራ ሰው የሚከፈል አበል ከሠራው ሰው የተወሰደ ነውና፡፡ ይሁን እንጂ ማታለልን የሚከለክለው በጊዜው በትክክል የተያዘ መዝገብ እንጂ የማኅተም ብዛት አይደለም፡፡ ሐሰተኛውማ ወረቀቱን አሟልቶ ይመጣል፤ የሚንገላታው እውነተኛው ነው፡፡

ጉዳዩም ቀላል አይደለም፡፡ ዕድሜው ለጡረታ ደርሶ አሥር ዓመት ያላገለገለ ሠራተኛ የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት እንጂ የዘወትር አበል አይደለም፡፡ እንግዲህ ከአንድ መሥሪያ ቤት የጠፋች የአንድ ዓመት የአገልግሎት ማስረጃ፣ የሰውን የሽምግልና እንጀራ ልታስቀር ትችላለች ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን፡፡ አንደኛ፣ የሚፈለገው ማስረጃ ሁሉ ባለጉዳዩ መጀመሪያ በመጣበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው አይባል፡፡ ሁለተኛ፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚሄደው ወረቀቱ ይሁን እንጂ ሽማግሌው አይሁን፡፡ የፋይዳ መታወቂያና በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት ይህን የሚያቃልል መንገድ ከፍተዋል፡፡ ሦስተኛ፣ የጡረታ ፋይል ሠራተኛው ከመሰናበቱ ከወራት በፊት ይጠናቀቅ፤ የሚወጣበት ቀን ለአሠሪው ድንገተኛ እንግዳ አይደለምና፡፡

ይህን ገጽ ለምታነቡ ወጣቶች ደግሞ የምንለው አለን፡፡ ጡረታ የአያቶች ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል፡፡ ነገር ግን የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ዕድሜ ነው፡፡ በችኮላ የተሞላ ፎርም፣ የኢትዮጵያን ዘመን ከአውሮፓ ዘመን ጋር ያደባለቀ የልደት ቀን፣ እንደ መጣ የተጻፈ የአያት ስም፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ የራስ ዕዳ ነው፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፡፡ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ቅጂ አስቀምጡ፤ ሥራ በለቀቃችሁ ቁጥር የአገልግሎት ማስረጃችሁን ሳትይዙ አትውጡ፡፡

ከናንተ መካከል ነገ ከጠረጴዛው ወዲያ የሚቀመጥ ብዙ ነው፡፡ ያን ጊዜ ክላሴሩን ይዞ የሚቆመው ሽማግሌ፣ እናንተ የተቀመጣችሁበትን ወንበር ትናንት የለቀቀ ሰው መሆኑን አስታውሱ፡፡ «ነገ ይመለሱ» ከማለታችሁ በፊት፣ ለርሱ ነገ ስንት እንደ ቀረው ለራሳችሁ ጠይቁ፡፡