ምስሪትና ሲሲዲ፦ ስለ ብርሃን ሳይንስ ቃላት አንድ አስተያየት

ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በእንጦጦ ተራራ፣ የመስታወታቸው ወርድ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት መንትያ ቴሌስኮፖች መተከላቸውን የዚህ መጽሔት አንባብያን ያውቃሉ። የምርምር ማዕከሉ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ወደዚያ ለጉብኝት የወጣ ተማሪ የያዘውን ማስታወሻ ለተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። በወረቀቱ ላይ በብዛት የሰፈሩት ሲሲዲ፣ ኤልኢዲ፣ ኤፍደብሊውኤችኤም የሚሉ የፊደላት ስሞች ናቸው፤ ስለ ብርሃን ሊማር የሄደው ነገር ከፊደላቱ ጀርባ ተደብቆ ቀርቷል። ይህን የተማሪው ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

አማርኛ ለብርሃን ሳይንስ የሚሆን ቃል የለውም የሚለው አባባል ከቶ እውነት አይደለም። «ምስሪት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ሌንስን የምንጠራበት ይህ ቃል ከምስር ጋር ያለው ዝምድና ለጆሮ ግልጽ ነው፤ ሁለት ፊቱ ያበጠ ምስሪት በእርግጥም የምስር ፍሬ ይመስላልና። ላቲኖቹም ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ «ሌንስ» በቋንቋቸው ምስር ማለት ነው። ዐረቦችም «ዐደሳ» ብለው ምስሩንም ምስሪቱንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ «ሌንስ» ሲባል የኛ ተማሪ ምንም ነገር በዓይነ ኅሊናው አይመጣለትም፤ «ምስሪት» ሲባል ግን ቅርጹ ከእናቱ ጓዳ ይመጣለታል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከቤተ ክህነት ትምህርት የተወሰደ ነው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ አንዱ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒት በ60 ሣልሲት እየተከፈለ ይወርዳል። ካልዒት ማለት ሁለተኛይቱ ማለት ነው። «ሰከንድ»ም በላቲን ትርጉሙ ያው ነው፤ በስልሳ ሲከፈል ሁለተኛው እርከን። የሰማይ ተመራማሪዎች አንድን የማዕዘን ዲግሪ ለ3,600 ከፍለው «ሰከንድ» ሲሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የሄዱበትን መንገድ ሄደዋል። የባሕረ ሐሳቡ ካልዒት በዛሬው ሰዓት 24 ሰከንድ ስለሆነ ቃሉን ለጊዜ መለኪያ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። «የማዕዘን ካልዒት» ብንል ግን የሚያደናግር ነገር አይኖረውም።

ይህ መለኪያ በእንጦጦ ዕለታዊ ጉዳይ ነው። የአንድ ሜትር መስታወት በአረንጓዴ ብርሃን ሊለይ የሚችለው ትንሹ ማዕዘን 0.14 የማዕዘን ካልዒት ያህል ነው። ሆኖም የሚናወጠው አየር የኮከቡን ምስል ወደ አንድ ካልዒት ወይም ከዚያ በላይ ያሰፋዋል። ነጥብ መሆን የነበረበት ኮከብ በካሜራው ላይ እንደ ጉብታ ያርፋል፤ ስፋቱ የሚለካውም የጉብታው ቁመት ግማሽ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። ያ አስፈሪ «ኤፍደብሊውኤችኤም» የሚባለው ይኸው ነው። «የግማሽ ቁመት ስፋት» ብንለው ምን ይጎድልብናል? ምህጻረ ቃል የተፈጠረው ለማሳጠር ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ አሥር ፊደል ሆነ።

እኛም ምህጻረ ቃል አላጣንም። ዓ.ም.፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ እያልን ኖረናል፤ ኢሰመኮንና ኢሰማኮን በአንዲት ፊደል ለይተን እንደ ቃል እናነባለን (ለመለየቱ የሚቸገር ቢኖርም)። በእነዚህ ላይ ችግር የማይፈጠረው ውስጣቸው ያለው ቃል የራሳችን ስለሆነ ነው። «ሲሲዲ» ግን የሌላ ቋንቋ ፊደላት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦይልና ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ የፈጠሩት ይህ መሣሪያ የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው። ብርሃን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል፤ ከዚያም በሰልፍ የቆሙ ሰዎች የውኃ ባልዲ እንደሚቀባበሉ፣ ጉድጓዶቹ ሙሉን እየተቀባበሉ እስከ መቁጠሪያው ያደርሱታል። «የሙል ቅብብሎሽ» የሚለውን ስም አቀርባለሁ፤ የተሻለ ያለው ይምጣ።

«ሌዘር»ን በተመለከተ ግን ሙግት የለኝም። ጎርደን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1957 በማስታወሻ ደብተሩ ያሰፈረው፣ ማይማን በ1960 በተግባር ያሳየው ይህ ነገር ስሙ ምህጻረ ቃል መሆኑ ቀርቶ ቃል ሆኗል፤ አማርኛም ተቀብሎታል። የምቃወመው ፊደላቱን ማስተንተንን ዕውቀት አድርጎ መቁጠርን ነው። አምስቱን የእንግሊዝኛ ቃላት በቃሉ የሚወጣ ተማሪ፣ ኃይል የተሸከመ አቶም አጠገብ ተስማሚ ፎቶን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ ዝም ይላል። መልሱ ግን በአማርኛ ይነገራል፦ አቶሙ ተቀስቅሶ፣ በቀለምም በአቅጣጫም በእርምጃም ከቀስቃሹ ጋር አንድ የሆነ መንትያ ፎቶን ይለቃል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። አንስታይን ይህን ሐሳብ ያመነጨው ሌዘር ከመሠራቱ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

ቃላት በግዴለሽነት ሲመረጡ የሚያደርሱት ጉዳት ከክፍል ውጭም ይታያል። «ጨረር» በአማርኛ የፀሐይ ጮራም፣ የኤክስሬይም፣ የኑክሌርም ነው። ለዓይኑ የሌዘር ሕክምና የታዘዘለት አረጋዊ «በጨረር ነው» ሲባል ካንሰር ትዝ ቢለውና ቀጠሮውን ቢሰርዝ ማን ይፈረድበታል? ሌዘር አቶምን ከኤሌክትሮኑ ከሚለያዩት ጨረሮች ወገን አይደለም ብሎ የነገረው የለም። በተቃራኒው ደግሞ ልጆች የሚጫወቱበት አረንጓዴ የሌዘር መብራት አለ። ማስጠንቀቂያው ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ምህጻር ሲሆን፣ ከ1 ሚሊዋት ማለፍ አለማለፉ ለዓይን ትልቅ ልዩነት እንዳለው ልጁም ሻጩም አያውቁም። ማጣሪያ ያልተገጠመለት ከሆነማ፣ ዓይን የማያየውና ስለዚህም የማይሸሸው ታሕተ ቀይ ብርሃን አብሮ ይወጣል።

«ፋይበር»ና «ኤልኢዲ» ከዚህ ቀለል ያሉ ናቸው። ለኢንተርኔት ተመዝጋቢው ፋይበር መስመር ነው፤ የመኪና አካል ለሚጠግነው ባለሙያ ሌላ ነገር ነው፤ ለሐኪሙ ደግሞ ምግብ ነው። «የመስታወት ክር» ቢባል ሦስቱ አይምታቱም ነበር። «ኤልኢዲ» በገበያ ቴሌቪዥን ሆኗል። ይህ ግን እንጦጦን ይነካል፤ ነጩ ኤልኢዲ ከሰማያዊ ብርሃን የሚነሣ በመሆኑና አየር ሰማያዊውን ከሶዲየም መብራት ብጫ ይልቅ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚበትነው፣ የአዲስ አበባ መብራት ወደ ቴሌስኮፖቹ ሰማይ ይወጣል። መብራት የሚመርጠው የከተማ ባለሙያ ይህን በሚገባው ቃል ሊሰማ ይገባዋል።

ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። በውጭ አገር ዶክትሬቴን በሠራሁበት ላቦራቶሪ ከየአገሩ የመጡት ባልደረቦቼ ጽሑፋቸውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር፤ መሣሪያው እምቢ ሲላቸው ግን የሚያስቡት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም በቤተ መጻሕፍት አቧራ እንዲጠጣ አልተዘጋጀም። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የሚናገሩ ተማሪዎቻችንም የየራሳቸውን ምስር ማግኘት ይችላሉ።

በምሰጠው የኦፕቲክስ ፈተና ላይ «ሌዘር የምን ምህጻር ነው?» የሚል ጥያቄ አይገኝም። የሚገኘው ይህ ነው፦ «ምንም ምህጻረ ቃል ሳትጠቀሙ፣ ሲሲዲ እንዴት እንደሚሠራ ለ7ኛ ክፍል እኅታችሁ የሚገባ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ።» አሥር ነጥብ ይይዛል።