«የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ሰሞኑን ስለ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር በተነሳው ጭቅጭቅ ላይ ታግ እያደረጋችሁኝ ነው። ግማሻችሁ «ዳኛው ሌባ ነው» ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ «ልጆች መሸነፍን ይልመዱ፣ የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው»። ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። ሁለተኞቹ ግን ይብሱብኛል፤ ከእነሱ አንዱ ስለነበርኩ።

እዚሁ ሴቻ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዳኛ ሆኜ ነበር። የት እንደሆነ ተዉት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፦ ሮቦቱ ነጭ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር ተከትሎ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። ከሥሩ ያለችው ሴንሰር ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ትልካለች፤ ነጩ ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ይውጠዋል፣ በዚያ ልዩነት መስመሩን ታውቃለች። ታዲያ ፀሐይም ኢንፍራሬድ አላት። የአርባ ምንጭ የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። በመስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ስታርፍ ሴንሰሯ ጥቁሩንም እንደ ነጭ ታየዋለች። ማታ ቤት ውስጥ አንድም ጊዜ ያልሳተ ሮቦት እዚያች ቦታ ሲደርስ ይሰክራል።

የአንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ሮቦት ሰከረ። አርዱዊኖውን ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥታ፣ ጎማውን ከተሰበረ መጫወቻ መኪና ፈትታ የሠራችው ነው። ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ ጥላ አደረገችለት። አልነካችውም። ሮቦቱ መስመሩን አገኘና ቀጠለ። እኔ ፊሽካዬን ነፋሁ። «የሰው እርዳታ ነው፣ ዜሮ!»

«ቲቸር፣ አልነካሁትም እኮ። ወረቀቱ ላይ...»

«የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው።»

ማታ ቤት ገብቼ መመሪያውን አነበብኩት። አዎ፣ ማታ! የተከለከለው «ሮቦቱን በእጅ መንካት» ብቻ ነው። ስለ ጥላ አንድም ቃል የለም። አዘጋጆቹ ጋ ስደውል «ውጤቱ ተለጥፏል ቲቸር፣ አሁን ማን ያፈርሰዋል?» አሉኝ። ወደሚቀጥለው ዙር ሌላ ቡድን አለፈ። እነሱን አልወቅስም። ተራቸው ጠዋት ነበር፣ ፀሐይዋ ገና በዚያ መስኮት አልገባችም።

እስቲ አሁን «ቪዲዮ ይታይ» የምትሉትን ላናግር። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚካሄደው የአሜሪካው ፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር ዋና ዳኛ ከማንም የመጣ ቪዲዮ አያይም፣ ደንቡ ይከለክላል። ልክም ነው። ሦስት ስማርት ስልክ ደቅኖ የሚቀርጽ ትምህርት ቤትና አንድም የሌለው እንዴት እኩል ይከራከራሉ? ኳሱም በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ቪኤአር ገባለት፤ ጭቅጭቁ ቀረ እንዴ?

ግን እዚያው ውድድር ላይ «የጥያቄ ሳጥን» የሚሉት ነገር አለ። ሜዳው ዳር መሬት ላይ የተሠመረ ቦታ ነው። ቅሬታ ያለው ቡድን አንድ ተማሪ ይልካል፤ ተማሪው እዚያ ይቆማል፣ ዋናው ዳኛ መጥቶ ይሰማዋል። አሠልጣኝም ወላጅም አይናገርለትም። በትንንሾቹ የፈርስት ሌጎ ሊግ ደግሞ ዳኛው ነጥቡን ከልጆቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ ይቆጥራል፤ አጠራጣሪ ነገር ካለ ለልጆቹ ያደላል። ውሳኔው እዚያም የዳኛው ነው፣ የመጨረሻም ነው። የመጨረሻ የሚሆነው ግን ልጁ ከተሰማ በኋላ ነው። እኛ የቀዳነው የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ብቻ ነው።

ደግሞ ይህን ፈረንጅ ሊያስተምረን ነው? ጋሞ ዱቡሻ አለው። ሰው ተሰብስቦ ተቀምጦ፣ በተራ እየተናገረ፣ ቅር ያለው ቅሬታውን በአደባባይ አውጥቶ ነው ነገር የሚያልቀው። መስከረም 2011 እርጥብ ሳር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት የተንበረከኩት አዛውንቶች «ውሳኔያችን የመጨረሻ ነው» አላሉም፤ ተንበርክከው ለመኑ፣ ወጣቱም ተመለሰ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪው ግን በአንድ ፊሽካ የ15 ዓመት ልጅ አፍ ዘጋሁ።

«ልጆቹ ጠያቂ ከሆኑ ውድድሩ አያልቅም» የምትሉኝ ባልደረቦቼ፣ አቦ ተዉኝ። የሦስት ደቂቃ ጥያቄ ነው። በመክፈቻ ንግግር ስንት ሰዓት እንደምናቃጥል አታውቁም? የአንዱ ቡድን አሠልጣኝ የሌላውን ቡድን ሲዳኝ ዝም የምንለውስ? ሮቦት የሚገባው አስተማሪ ጥቂት ነው ይባላል። እሺ፣ ቢያንስ የራሱ ተማሪዎች ተራ ሲደርስ ከወንበሩ ይነሳ።

«ዳኛው ሌባ ነው» ለምትሉትም፦ እኔ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ወረቀት ሳላነብ ነው የተቀመጥኩት። ስድባችሁ ያንን አያስተካክለውም፣ ጥያቄ የሚነሳበት ሰዓትና ቦታ ቢኖር ግን እዚያው ይስተካከል ነበር።

ልጅቷን በኋላ ገበያ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ችግር የለም ቲቸር» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ዘንድሮም ዳኛ ሁን ተብሎ ተደውሎልኛል። መመሪያው ከሳምንት በፊት ለልጆቹ ይሰጥ፣ የነጥብ ወረቀቱን ልጆቹ አይተው ይፈርሙበት፣ ቅሬታ የሚሰማበት ቦታ ይኑር፣ መስኮቱም ይጋረድ፤ ያኔ እመጣለሁ አልኩ። «እንደውልልሃለን» ብለው ስልኩን ዘጉት። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱ ነው።