ሳቢሳ ሁሉ አንድ አይደለችም

እኛ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ክፉ ልማድ አለን። በውኃ ዳር ወይም በከብት መካከል ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ባየን ጊዜ «ነጭ ወፍ» ብለን እናልፋለን። ትንሽ የተጋን እንደ ሆነ «ሳቢሳ» እንላለን፤ ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ አንልም። አንዳንዱማ ርግብ አድርጎ ለሰላም ምሳሌነት ስንኝ ላይ ያሳርፋታል። ይህን የዋህነት ነው ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ፤ ያውም የቃል ሰው ሊያፍርበት የሚገባ ስንፍና።

የሚያስገርመው ይህ የሚሆነው በቅኔ አገር መሆኑ ነው። አንዲት ፊደል ስትጠብቅና ስትላላ ትርጉም እንደሚገለበጥ እናውቃለን፤ «ገና» ሲባል በዓሉ ይሁን ጊዜው ለመለየት ጆሯችንን እናቀናለን። ገበሬያችንም በሬውን «ቡሬ»፣ «ዳልቻ»፣ «ቦራ» ብሎ ይለያል እንጂ «ባለ ቀንድ» ብሎ አይጠራም። እንግዲህ የጎደለን የቋንቋ አቅም አይደለም፤ የጎደለን ማየት ነው።

ውድ አንባቢ፣ በአገራችን የሚታዩትን አራት ነጫጭ ሳቢሳዎች ለዚህ ጽሑፍ ያህል በመልካቸውና በኑሯቸው ልጥራቸው። በደሃና ወይም በሰቆጣ ማሳ ላይ ነጭ ወፍ ከበሬ ኮቴ ሥር ሽር ጉድ ስትል ቢያዩ የከብት ሳቢሳ ናት ብለው ይጀምሩ። ቁመቷ አጭር፣ አንገቷ ደንዳና፣ መንቁሯ ብጫ ነው፤ በመራቢያዋ ወራት አናቷ፣ ደረቷና ጀርባዋ የዳማ መልክ ይይዛል። ከብቱን የምትከተለው መዥገር ፍለጋ ነው ይባላል፤ ዋናው ምግቧ ግን የከብቱ እግር ከሣር ውስጥ የሚያስነሣው ፌንጣ ነው። ትንሿ ሳቢሳ ደግሞ የውኃ ዳር ሰው ናት። መንቁሯ ቀጭንና ጥቁር፣ ቅልጥሟ ጥቁር፣ ጣቶቿ ግን ብጫ ናቸው፤ ብጫ ጫማ ያጠለቀች ትመስላለች። በእግሯ ውኃውን እያወከች ዓሣውን ታስበረግጋለች።

ፈተናው ያለው በቀሩት ሁለቱ ዘንድ ነው። ትልቋ ሳቢሳ ወደ አንድ ሜትር ትጠጋለች፤ ረጅም አንገቷ መካከሉ ላይ የተሰበረ ያህል ይታጠፋል። መካከለኛዋ ከእርስዋ ታንሳለች፤ ነገር ግን ብቻዋን ስትቆም መጠኗን በምን ይለኩታል? መንቁርም ብቻውን ያስታል፤ የትልቋ መንቁር በአብዛኛው ጊዜ ብጫ ሆኖ ሳለ በመራቢያዋ ወራት ይጠቁራልና። ስለዚህ የአፏን ማዕዘን ይመልከቱ። ከዚያ ወደ ኋላ የሚሄደው ቀጭን መስመር በመካከለኛዋ ከዓይኗ ሥር ይቆማል፤ በትልቋ ግን ከዓይኗ አልፎ ይዘልቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ እንደ ፊደል መጥበቅና መላላት ያለ።

«ግጥም የወፍ መዝገብ አይደለም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አይደለም። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ያስተማረን ምንድን ነው? ወርቁ የሚወጣው በሰሙ ቅርጽ ነው። በመንጋ መካከል ከባልንጀሮቿ ጋር የምትውለውን የከብት ሳቢሳ የብቸኝነት ምሳሌ ያደረገ ገጣሚ ሰሙን ገና ሳያፈስሰው ሰብሮታል። ትልቋን ሳቢሳ ቢያውቅ ኖሮ፣ በጥልቁ ውኃ ዳር ሳትነቃነቅ የምትጠብቀው እርስዋ ትበቃው ነበር።

ስም ማሳሳት ደግሞ በእኛ አልተጀመረም። ታላቁ ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለከብት ሳቢሳ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ኢቢስ» አላት፤ ኢቢስ ግን የጥንት ግብፃውያን ያከበሯት ሌላ ወፍ ናት። ስሕተቱ እስከ ዛሬ በስሟ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ጄምስ ብሩስ ግን አንገቷ ጥቁር፣ መንቁሯ ቆልማማ የሆነችውን ነጭ ወፍ በአገሬው አጠራር «አቡ ሐንስ» ብሎ መዘገበ፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም እውነተኛዋ ኢቢስ እርስዋ መሆኗን ተከራከረ። በኋላ የመጡ ሊቃውንትም አጸኑለት። የአውሮፓን መዛግብት ካወከው ጥያቄ አጠገብ የኢትዮጵያ ባላገር ለወፏ የራሱ ስም ነበረው ማለት ነው።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሲባል ሳቢሳዎች በየአህጉሩ ተፈጁ። አዳኞቹ ግን አልተሳሳቱም፤ የትኛዋ በየትኛው ወራት ረጅሙን የጀርባ ላባ እንደምታወጣ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ይህን ግፍ የተቃወሙ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1889 በእንግሊዝ አገር የወፎች መጠበቂያ ማኅበር መሠረቱ። ገዳይ የለየውን ወዳጅ ነኝ ባይ ካልለየ፣ ፍቅሩ ምን ይባላል?

ዛሬ ነገሩ ይቸኩላል። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ካለቀ ወዲህ በዋግ ኽምራ ቆላ ትልቅ ሐይቅ ተኝቷል፤ ዓሣ ማስገርም የሰዉ መተዳደሪያ ሆኗል። ዓሣ አስጋሪው የሚሻማውን ወፍ፣ እረኛውም ከብቱን የሚከተለውን ወፍ ስም ሳይሰጥ አይኖርም፤ በአማርኛም በኽምጥኛም። እነዚህን ስሞች ሄዶ የሚጠይቅና የሚጽፍ ካልተገኘ፣ ልጆቻችን ከባዕድ መጽሐፍ ተርጉመው ይማሯቸዋል።

የኦሪት ሕግ እንኳ የማይበሉትን አዕዋፍ ሲዘረዝር ሳቢሳ ብዙ ወገን እንዳላት ሳይጠቅስ አላለፈም። ሊበላት ያልፈቀደው ይህን ያህል ከተጠነቀቀላት፣ ሊቀኝላት የሚሻው ከዚያ ማነስ የለበትም። ስለዚህ «ነጭ ወፍ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት እግሯን ይዩ፤ አፏን ይዩ፤ አገሬውንም ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ይቀኙ።