የማይክ ዌብስተር ራስ

ፒትስበርግ የብረት ከተማ ነበረች። የፉትቦል ቡድኗም «ስቲለርስ» ይባላል፤ ብረት ሠሪዎቹ እንደ ማለት ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1988 ለአሥራ አምስት የውድድር ዘመን የተሰለፈውን ማይክ ዌብስተርን ሕዝቡ «ብረቱ ማይክ» እያለ ያሞግሰው ነበር። በእኔ እምነት በደሉ የሚጀምረው ከዚህ ሙገሳ ነው። ብረት አይደክምም፤ ብረት አያመውም፤ ብረትን «ራስህን እንዴት አደረገህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ልበል። የአሜሪካ ፉትቦል ከስሙ በቀር እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ብዙ ዝምድና የለውም፤ ሞላላዋ ኳስ የምትያዘውም የምትወረወረውም ባብዛኛው በእጅ ነው። የዌብስተር ቦታ «ሴንተር» ይባላል። ሴንተር ከመስመሩ መካከል አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብልና በዚያው ቅጽበት ከፊት ለፊቱ የሚመጣበትን፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ባላጋራ ይገጥማል። የተመልካች ዓይን ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሴንተሩን የሚያየው የለም። ይህ ግጭት በአንድ ጨዋታ ውስጥ ብቻ በብዙ ደርዘን ይቆጠራል፤ ልምምዱ ደግሞ ለብቻው ነው። የራስ ቁሩ የራስ ቅልን ከስብራት ያድን ይሆናል። አንጎል ግን በፈሳሽ መካከል የተቀመጠ ለስላሳ ነገር ነውና ራስ ድንገት ሲቆም እርሱ አብሮ አይቆምም፤ ይናወጣል። ራስን የሚያስት አንድ ታላቅ ምት ብቻ አይደለም ጎጂው። ማንም የማይቆጥራቸው ትናንሾቹ ይጠራቀማሉ።

ዌብስተር ከስቲለርስ ጋር አራት ጊዜ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ኋላም በካንሳስ ሲቲ ሁለት ዓመት ጨምሮ ከሜዳ ተሰናበተ። በ1997 በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ በሚገኘው የፉትቦል የዝና አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ። በዚያ አዳራሽ የሚከበር ሰው ምስሉ በነሐስ ይቀረጻል፤ ከትከሻ በላይ፣ ራሱ። የነሐሱ ራስ በክብር ሲቀመጥ የሥጋው ራስ ግን መንገዱን ስቶ ነበር። ሰውዬው ይረሳል፤ ይቆጣል፤ ትዳሩም ገንዘቡም ከእጁ ወጥተዋል፤ አንዳንድ ሌሊት በመኪናው ውስጥ ያድራል። እንቅልፍ እንቢ ሲለው በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ ራሱን ይመታ እንደነበር ተመስክሯል። መስከረም 24 ቀን 2002 በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 50 ነበር።

አስከሬኑ የደረሰው ቤኔት ኦማሉ ከተባለ ናይጄሪያ ተወልዶ ካደገ ሐኪም እጅ ነው። ኦማሉ ፉትቦል አይከታተልም፤ የሟቹንም ዝና አያውቅም። ምናልባት የጠቀመው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ የተኛው ብረቱ ማይክ ሳይሆን በ50 ዓመቱ የሞተ አንድ ሰው ነበርና። አንጎሉ በዓይን ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ኦማሉ ግን አላመነም፤ ከገዛ ኪሱ እየከፈለ አስመረመረው። በአጉሊ መነጽር ሥር የተገኘው ታው የተባለው ፕሮቲን ክምችት ነው፤ ቀድሞ በቦክሰኞች አንጎል ይታወቅ የነበረ፣ ዛሬ ሲቲኢ ተብሎ የሚጠራ በሽታ ምልክት።

ግኝቱ በ2005 «ኒውሮሰርጀሪ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ሊጉ በ1994 ያቋቋመው የጭንቅላት ጉዳት ኮሚቴ አባላት ጽሑፉ ይሻር ዘንድ ለመጽሔቱ ጻፉ፤ መጽሔቱ አልሻረውም። (ኮሚቴውን ለዓመታት የመሩት ሰው የአንጎል ሳይሆኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም እንደነበሩ ሳልጠቅስ አላልፍም።) አላወቁም ነበር ብሎ ለመከራከርም አይመችም። የሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተወካዮች የተቀመጡበት የጡረታ ቦርድ በ1999 የዌብስተር የአንጎል ጉዳት ከጨዋታው የመጣ መሆኑን ተቀብሎ የአካል ጉዳት አበል ፈቅዶለት ነበር። በጡረታው መዝገብ የታመነው ነገር በሐኪሞቹ ኮሚቴ ተካደ። የሊጉ የጤናና ደኅንነት ኃላፊ በጨዋታውና በዚህ በሽታ መካከል ግንኙነት መኖሩን በሕግ አውጪዎች ፊት በግልጽ የተናገሩት በ2016 ነው።

«ወድደው ገቡበት፤ ተከፍሏቸዋል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ የከሰል ማዕድን ቆፋሪም ወታደርም አደጋውን እያወቀ ይገባል። እዚህ ላይ ግን «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ጎድላለች። ውል ሲፈረም አንደኛው ወገን የያዘውን ዕውቀት ከሌላው ከደበቀ፣ ወድዶ ገባ ማለት ምን ማለት ነው? በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የሊጉ ተጫዋቾች አንጎሎች በ110ዎቹ በሽታው ተገኝቷል። አንጎሎቹ ባብዛኛው ሕመሙን በጠረጠሩ ቤተሰቦች የተለገሱ ስለሆኑ ቁጥሩ ሁሉንም ተጫዋች ይወክላል አይባልም። ቢሆንም ዌብስተር በ1974 ሲፈርም ይህን የሚነግረው አልነበረም። ዛሬ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን የፉትቦል ፈቃድ ወረቀት ሲፈርሙ ቢያንስ ማንበብ ይችላሉ፤ ያንብቡት፤ አሠልጣኙንም ልጆቹ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጋጩ ይጠይቁት።

ስለ ክፍያ ከተነሣ ደግሞ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከስሰው በ2013 የ765 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ። ኋላ የገንዘቡ ጣሪያ ተነሥቶ በ2015 ፍርድ ቤት አጸደቀው። ስምምነቱ ከ2006 መግቢያ በፊት ለሞቱ ተጫዋቾች ቤተሰቦች ጥያቄያችሁ ጊዜው አልፏል የሚል አጥር አበጅቷል። ዌብስተር የሞተው በ2002 ነው።