ስልክ ውስጥ ስንገባ ገላችን ውጭ አይቀርም

ሳይበርፓንክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፈረንጆቹ 2020 የወጣው «ሳይበርፓንክ 2077» የተሰኘው ጌም ነው። ሌሊት፣ ኒዮን መብራት፣ የብረት ክንድ ያለው ሰው። ቴክኖሎጂው የመጠቀ፣ ኑሮው ግን የከፋ ዓለም። የዚያን ዓለም መሠረት የጣለው ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ማይክ ፖንድስሚዝ ይባላል። ጌሙ የተነሳው እሱ በ1988 ካሳተመው፣ በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

ይህን የማነሳው ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። የሳይበርፓንክ ታሪክ ሲወራ ሁሌ የሚጠሩት እነዚያው ጥቂት ወንዶች ናቸው። የዊሊያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር» (1984) ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አልክድም። ግን ብሩስ ስተርሊንግ በ1986 ባሰባሰበው፣ የዘርፉ መታወቂያ በሆነው «ሚረርሼድስ» መድብል ውስጥ ያለችው ሴት ደራሲ አንዲት ብቻ ናት፤ ፓት ካዲጋን። በ«ኒውሮማንሰር» ውስጥ ራስ ተፈሪያን ሳይቀሩ አሉ፤ ሕዋ ላይ የራሳቸውን ሰፈር መሥርተው ይኖራሉ። ታሪኩ ግን የእነሱ አይደለም፤ ዋናውን ገጸ ባሕሪ ከማገዝ አያልፉም።

ያ ዋና ገጸ ባሕሪ ገላውን እንደ እስር ቤት ነው የሚያየው። ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ ነፃ ይወጣል። ቆንጆ ሕልም ነው፤ ግን ሰው በገላው ምክንያት ተሰድቦና ተገፍቶ ሲያውቅ ሌላ ታሪክ ይጽፋል።

አሊስ ሼልደንን እንይ። ጄምስ ቲፕትሪ ጁኒየር በሚል የወንድ ስም ነበር የምትጽፈው። በ1973 «የተሰካችው ልጅ» ልንለው የምንችል ታሪክ አወጣች፤ የሁጎ ሽልማትንም አገኘችበት። በታሪኩ ማስታወቂያ በሕግ ተከልክሏል። መልኳ አያምርም ተብላ የተገፋች የ17 ዓመት ልጅ ከማሽን ጋር ትያያዝና ሰው ሠራሽ ውብ ገላ ከሩቅ ታንቀሳቅሳለች። የቆንጆዋ ሥራ ዝነኛ ሆኖ መታየት፣ እግረ መንገዷንም የድርጅቶችን ዕቃ እየተጠቀመች ማሻሻጥ ነው። ዓለም ቆንጆዋን ይወዳል፤ እውነተኛዋ ልጅ ግን ተዘግቶባት ትማቅቃለች። ፊልተርና ኢንፍሉዌንሰር የሚባል ነገር ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት እኮ ነው!

ሜሊሳ ስኮት ደግሞ በ1994 «ትራብል ኤንድ ሀር ፍሬንድስ»ን አሳተመች። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ሁለት ሴት ሃከሮች ናቸው። አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ጋ ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል። ይሁን። ግን እስቲ እናስብ፤ መታየት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ተደብቆ ከሚኖር ሰው በላይ ማን ያውቃል? በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ኔትወርኩን በገላ ጭምር እንዲሰማ የሚያደርግ፣ አእምሮን ሊጎዳ የሚችል ተካይ መሣሪያ አለ። ነባሮቹ ሃከሮች ይንቁታል። የሚያስተክሉት በአብዛኛው ሴቶች፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎችና ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው። ገላቸው ድሮም ለአደጋ የተጋለጠ ነውና አዲሱ አደጋ ብዙም አያስደነግጣቸውም።

የትኛው ታሪክ ነው የእኛን ስልክ የሚመስለው? አንዲት ልጅ ፎቶዋን ስትለጥፍ ከሥር የሚጻፍላትን አስተያየት አንብቡ። ስለ ሐሳቧ ነው ወይስ ስለ ገላዋ? አንድ ልጅ ስለ ኳስ አስተያየት ሲሰጥ ስሙን አይተው በብሔሩ የሚሰድቡት ስንት ናቸው? ኢንተርኔት ሁላችንንም እኩል ያደርገናል ተብሎ ነበር። ያልሆነው ለምን እንደሆነ አስቀድመው የጻፉት እነዚህ ዳር የተገፉ ደራስያን ናቸው።

ስለዚህ «ሴቶች፣ ጥቁሮችና ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሳይበርፓንክ ይካተቱ» የሚለው ጥያቄ ኮታ የመሙላት ጉዳይ አይመስለኝም። እነሱን ዘለን ካነበብን የሚቀረን የብረት ክንዱና መብራቱ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ያመልጠናል። የቲፕትሪ ታሪክ አጭር ነው፤ ስክሮል በምናደርግበት አንድ ምሽት ያልቃል። ከእሱ እንጀምር።